ትዕግሥትና ዝምታ አንድ ናቸውን?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በዚህ እትም ልንመረምረው ያሰብነው ጥያቄ በየቤቱ ያለ፣ በአደባባይ ግን እምብዛም የማይነሣ ነው። ይኸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ያረገዘች ሴት የሚሰማትን የሥጋ ድካምና የልብ ጭንቀት ብትናገር ትዕግሥት እንደ ጐደላት ይቈጠርባታልን? ብትሸሽገውስ ዝምታዋ በጎ ምግባር ነውን? የሚል ነው። ከመካከላችን ብዙዎቻችን ገና ትዳር ያልያዝን ስለሆንን፣ ነገሩ እኛን አይመለከትም የሚል ይኖር ይሆናል። ነገር ግን አብረውን እየዘመሩ ያደጉ እኅቶቻችን እያገቡ ነው፤ ወንድሞቻችንም ነገ ባሎችና አባቶች ይሆናሉ። ስለዚህ ጊዜው ሳይደርስ ማሰብ ይገባናል።

በቋንቋችን ያረገዘችን ሴት «ነፍሰ ጡር» እንላታለን፤ ነፍስ የተሸከመች ማለት ነው። ስሙ ራሱ ሸክም መኖሩን ይመሰክራል። ታዲያ ሸክሙ ምን ምን ነው?

ሐኪሞች የእርግዝናን ዘመን የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን አንሥተው ሲቈጥሩ 40 ሳምንት ወይም 280 ቀን ያህል ይሆናል። ገና ሆዷ ሳይገፋ፣ ጎረቤት ሳያውቅ፣ በ6ኛው ሳምንት ገደማ ማቅለሽለሽና ማስመለስ ይጀምራታል። ትናንት የምትወደው የቡና ሽታ ዛሬ ያውካታል፤ የሽንኩርት ቁሌት ከማድ ቤት ያስወጣታል፤ ምራቅ አፏን ይሞላዋል፤ ቀን ቀን እንቅልፍ ይጫናታል። ለብዙዎቹ ይህ ከ3ኛው ወር በኋላ እየቀለለ ይሄዳል። ነገር ግን ሌላው ይተካል። የደሟ መጠን ከቀድሞው በግማሽ ያህል ስለሚጨምር ልቧ ያለ ዕረፍት ይተጋል፤ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ቢያጥራት ስንፍና አይደለም። ማሕፀኗ እያደገ ፊኛዋን ሲጫን ሌሊት ደጋግማ ትነሣለች፤ ጨጓራዋን ወደ ላይ ሲገፋ ቃር ያቃጥላታል፤ ወገቧን ያማታል፤ ማታ ማታ እግሯ እያበጠ ጫማዋ ይጠባታል።

የልቧም ነገር እንዲሁ ነው። በአንድ ቀን ውስጥ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፤ ለምን እንዳለቀሰች ስትጠየቅም መልስ ታጣለች። ጽንሱ እንዳይወርድባት ትፈራለች፤ ምጡን ትፈራለች፤ እናት መሆን እችል ይሆን ብላ ትጨነቃለች። በ5ኛው ወር ገደማ በሆዷ ውስጥ አንዳች ነገር ሲንቀሳቀስ ይሰማታል። የመጀመሪያዋ ስለሆነ የሆድ ነፋስ ነው ወይስ ልጅ ብላ ትጠራጠራለች፤ ልጅ መሆኑን ስታውቅ ግን የሚሰማት ደስታ በቃል የሚነገር አይደለም። ይህን ከመሰለ ደስታ ጋር ፍርሃትና ኀዘን አብረው ሲመጡባት፣ «እግዚአብሔር ይህን ያህል በረከት ሰጥቶኝ ሳለ እንዴት አዝናለሁ?» እያለች ራሷን ትወቅሳለች። ከሥጋው ድካም ይልቅ ይህ ወቀሳ የሚከብዳት አለች።

እንግዲህ ጥያቄያችን እዚህ ላይ ይነሣል። በአገራችን «እንዴት ነሽ?» ስትባል መልሷ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ይህ መልካም ልማድ ነው፤ በደስታም በመከራም ማመስገን ክርስቲያናዊ ነውና። ነገር ግን ጠያቂው ይህን ምስጋና ሰምቶ ሁሉ ደኅና ነው ብሎ ቢሄድ ምስጋናዋ ሕመሟን የሚሸፍን መጋረጃ ሆነ ማለት ነው። ምስጋና ለእግዚአብሔር የሚቀርብ ነው፤ ችግርን መንገር ደግሞ ለወንድምና ለእኅት ነው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

ቅዱሳት መጻሕፍትም ይህንኑ ያስተምሩናል። በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 25 እንደምናነበው ርብቃ መንታ በፀነሰች ጊዜ ልጆቹ በሆድዋ ውስጥ እርስ በርሳቸው ይገፋፉ ነበር። እርስዋም ዝም አላለችም፤ እንዲህ ከሆነ መኖሬ ለምንድን ነው እስከ ማለት ደርሳ እግዚአብሔርን ጠየቀች። እግዚአብሔርም ስለ ምን አማረርሽ ብሎ አልገሠጻትም፤ የሆነባትን ነገር ገልጦ መለሰላት። እንግዲህ የተጨነቀች ነፍሰ ጡር የምትጠይቀው ጥያቄ እምነት የማጣት ምልክት አይደለም፤ መልስ የሚገባው ጥያቄ ነው።

በሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 1 ደግሞ ቅድስት ኤልሳቤጥ በፀነሰች ጊዜ አምስት ወር ራስዋን ሰውራ እንደ ነበር ተጽፏል። በስድስተኛው ወር እመቤታችን ወደ ተራራማው አገር ፈጥና ሄዳ ሦስት ወር ያህል አብራት ተቀመጠች። ሁለቱም የመጀመሪያ ፅንሳቸው ነበር። ልናስተውለው የሚገባን ነገር አለ፤ የጌታ እናት ለዘመዷ ከሩቅ ሰላምታ ልካ አልቀረችም፤ ራስዋ ሄዳ አብራት ሰነበተች። ጌታችንም ሰው ሲሆን ከመጋቢት 29 እስከ ታኅሣሥ 29 ዘጠኝ ወር ከአምስት ቀን በማሕፀን መቈየትን አልናቀም። እርሱ ያልናቀውን ዘመን እኛ ተራ ነገር አድርገን ልንቈጥረው አይገባም።

አንዳንዶች «የቀድሞ እናቶች እንስራ ተሸክመው፣ እንጨት ለቅመው፣ ማጀት ውስጥ ወልደው ምንም አላሉም፤ የዛሬዎቹ ምን ነካቸው?» ይላሉ። ይህ አባባል ሁለት ነገር ይረሳል። አንደኛ፣ የቀድሞ እናቶች ዝም አላሉም። ወንዶች በሌሉበት በምንጭ ዳር፣ በቡና ላይ፣ ለእናታቸውና ለጎረቤታቸው ይናገሩ ነበር። በብዙ አካባቢ ሴት ልጅ የበኩር ልጇን ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት የምትሄደው ብቻዋን እንዳትሆን አይደለምን? ዛሬ ግን በከተማ በኪራይ ቤት የምትኖረው፣ ከወላጆቿ ርቃ ሥራ የያዘችው፣ ወይም በስደት አገር ያለችው እኅታችን ያ ክበብ የላትም። ሁለተኛ፣ ዝም ካሉት መካከል ዛሬ የሌሉ አሉ። በ2008 ዓ.ም. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳመለከተው በአገራችን ከ100,000 በሕይወት ከሚወለዱ ሕፃናት አንጻር 412 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ይሞቱ ነበር። የሞቱት አይናገሩምና ምስክርነቱ የተረፉት ብቻ ይሆናል።

ዝምታ ከሁሉ ይልቅ አደገኛ የሚሆነው በመጀመሪያው እርግዝና ነው። ሁሉ ነገር አዲስ ስለሆነባት የተለመደውን ድካም ከአደጋው ምልክት ለይታ ልታውቅ አትችልም። ለምሳሌ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርገው የእርግዝና በሽታ በብዛት የሚታየው የመጀመሪያ ልጃቸውን በፀነሱት ላይ ነው። ብርቱ ራስ ምታት፣ የዓይን ብዥታ፣ የፊትና የእጅ እብጠት ምልክቶቹ ናቸው። እንዲሁም ደም መፍሰስ፣ ትኵሳት፣ የእንሽርት ውኃ ያለ ጊዜው መፍሰስ፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ ለነገ የሚባሉ አይደሉም፤ ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ያስሄዳሉ። «እርግዝና እንዲህ ነው፤ ቻይው» የተባለች ሴት ግን ይህንንም ትችለዋለች። እንግዲህ ትዕግሥት የምንለው ነገር ሁለት ነፍስ ሊያጠፋ ይችላል ማለት ነው።

ስለዚህ ትዕግሥትና ዝምታ አንድ አይደሉም ብለን እንመልሳለን። ትዕግሥት ሊወገድ የማይችለውን ሸክም በእምነት መሸከም ነው። ዝምታ ግን ሌላው ሊያግዝ የሚችለውን እንኳ ለብቻ መሸከም ነው። ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስም ለገላትያ ሰዎች ሲጽፍ አንዱ የሌላውን ሸክም እንዲሸከም አዝዟል። ያልተነገረ ሸክም ግን እንዴት ይታገዛል? መናገር የእርስዋ ድርሻ ከሆነ፣ እንድትናገር ማድረግ የእኛ ድርሻ ነው።

ይህስ በተግባር ምንድን ነው? በአገራችን አራስ ጠያቂ ብዙ ነው። ገንፎ ይገነፋል፣ እልል ይባላል፣ ቤቱ በሰው ይሞላል፤ ይህ የሚያኮራ ልማድ ነው። ነፍሰ ጡርን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። አንዳንዶቹ ለሰው ዓይን ፈርተው ይሸሽጋሉ፤ ሌላውም ምን አገባኝ ብሎ ያልፋል። ስለዚህ «እንዴት ነሽ?» ብቻ ብለን አንለፍ። ትናንት ሌሊት እንቅልፍ ወስዶሽ ነበር? ምግብ ይስማማሻል? ራስሽን ያምሻል? ልጁ ይንቀሳቀሳል? ብለው እናቶችና እኅቶች ለይተው ቢጠይቁ መልሱ ይለያል። ባልም ውኃ በመቅዳት፣ በማብሰል፣ ወደ ጤና ጣቢያ አብሮ በመሄድ ሸክሙን ይካፈል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው መመሪያ አንዲት ነፍሰ ጡር ቢያንስ 8 ጊዜ በጤና ባለሙያ እንድትታይ መክሯል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለእናት ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን፣ ለአባት ደግሞ 3 ቀን ፈቃድ ከደመወዝ ጋር ደንግጓል። ነገር ግን ጉልት ተቀምጣ ለምትነግደው ማን ፈቃድ ይሰጣታል? ጎረቤትና ምእመናን ናቸው።

እኛ ወጣቶችም የምናደርገው አለ። በቅዳሴ ጊዜ ለረጅም ሰዓት መቆም ነፍሰ ጡርን ራስ ሊያዞራት ይችላልና የምትቀመጥበት ስፍራ እናሰናዳላት፤ በተቀመጠች ጊዜም ማንም በክፉ ዓይን እንዳያያት እንጠንቀቅ። ጾም ሲገባ አቅሟን ለንስሐ አባቷ እንድትነግር እናበረታታት እንጂ «እገሊት እስከ መጨረሻው ጾማለች» እያልን በሌላዋ አንመዝናት። በታክሲና በአውቶቡስም ወንበር እንልቀቅላት። እነዚህ ሁሉ ትንንሽ ነገሮች ናቸው፤ ነገር ግን አንዲት እኅታችን «ዛሬ ደክሞኛል» ብላ ያለ እፍረት እንድትናገር ልቧን ይከፍታሉ።

ሸክሙን ከእርስዋ ወስደን ልንሸከምላት አንችልም፤ ብቻዋን እንዳትሸከመው ግን ማድረግ እንችላለን። ነፍሰ ጡሮችን ሁሉ በሰላም ይገላግልልን፤ ለእኛም አስተዋይ ልብ ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።