በጨዋታ ስለሚነገር እውነት

የሰው ጠባይ በሥራው ጊዜ ብቻ ሳይሆን በጨዋታውም ጊዜ ይገለጣል። እንዲያውም በሥራ ላይ ሳለ ሹመቱንና ጥቅሙን ስለሚጠብቅ ራሱን ይሸሽጋል፤ በጨዋታ ላይ ግን መጠንቀቁን ስለሚረሳ እንደ ሆነው ሆኖ ይታያል። ስለዚህ ጨዋታ ለዋዛ ብቻ የተሠራ መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር የገናን ጨዋታ ይመርምር።

ታኅሣሥ ገብቶ በቡሬና በፍኖተ ሰላም አገር የጤፉ አዝመራ ሲሰበሰብ፥ እረኞች ጫፉ ቆልመም ያለ ዱላ ከዱር ቈርጠው፥ ሩሩንም ከእንጨት ጠርበው ወይም ከጠፍር ጐንጕነው፥ አዝመራው በተነሣለት ማሳ ላይ መለማመድ የቆየ ልማድ ነው። ታኅሣሥ 29 ቀን የልደት በዓል እስኪደርስ ድረስ ማንም ድሉን አይቈጥርም። በበዓሉ ቀን ግን መንደር ከመንደር ይገጥማል፤ ያሸነፈውም ወገን የተሸነፈውን በግጥም ይሰድባል። በቀድሞ ዘመን ጌታና ሎሌ በአንድ ሜዳ ይጋፉ ነበር፤ ጌታውም በዚያ ቀን ቢሰደብ መቈጣት ነውር ይሆንበት ነበር።

እንዲህ ያለው ልምምድ በሌላም አገር አለ። በአሜሪካ ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ የሚጫወቱት ታላላቅ ቡድኖች በየካቲትና በመጋቢት ወደ ሞቃቶቹ አገሮች ወደ ፍሎሪዳና ወደ አሪዞና ወርደው ይለማመዳሉ። የዚያ ጊዜ ድልና ሽንፈት በዓመቱ ውድድር አይቈጠርም፤ ነገር ግን ደራስያን ስለዚያ ወራት መጻፍ ይወዳሉ፤ ገና ያልተሸነፈ ሁሉ ተስፋ አለውና። በጎጃምም የዋሸራ ቅኔ ተማሪ ጉባኤ ቃና ከሚባለው ባለ ሁለት ቤት ቅኔ ጀምሮ ሲቈጥር ይውላል፤ ለመምህሩም ይነግራል፤ ቢሳሳት ይታረማል እንጂ አይፈረድበትም።

እንግዲህ ጥያቄው ይህ ነው፤ ድሉ የማይቈጠር ጨዋታ፥ ስድቡም የማያስቀጣ ግጥም ምን ይጠቅማል? አንዳንድ ሰው፦ «ድኃ አንድ ቀን እንዲናገር የተፈቀደለት ዓመቱን ሙሉ ዝም እንዲል ነው» ይላል። ይህም ነገር ከንቱ አይደለም። በበዓሉ ቀን ስቆ የሰማ ጌታ በማግሥቱ ሰበብ ፈልጎ ሎሌውን ቢቀጣ፥ ልማዱ ማታለያ ሆነ። ገጣሚውም ኃይለኛውን ትቶ አንካሳውንና ዕውሩን ቢሰድብ፥ መመለስ የማይችለውን መምታት ነውና ነጻነት አይባልም።

ነገር ግን ልምምድ የሚመዘነው በኋላ በሚያፈራው ፍሬ ነው። ተማሪው ቅኔ የሚቈጥረው በማኅሌት እንዲያሰማ ነው፤ ጌታውም በገና ሜዳ ስድብን መታገሥ የሚለማመደው በዳኝነት ወንበር ሲቀመጥ እውነትን ታግሦ እንዲሰማ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የባላባትን ሥርዓት አስቀርቷል፤ ሆኖም አለቃና ታዛዥ፥ ዳኛና ባለ ጉዳይ ዛሬም አሉ። ስለዚህ የገናው ትምህርት አላረጀም።

ገጣሚው በሣቅ የተናገረውን እውነት በማግሥቱ ያለ ሣቅና ያለ ፍርሃት መድገም ቢችል፥ ሰሚውም ሳይቈጣ ቢመረምረው፥ ያን ጊዜ ያልተቈጠረው ድል ተቈጠረ ማለት ነው። ይህ ካልሆነ ግን ዱላው ተሰቅሎ፥ ግጥሙም ተረስቶ፥ ሁሉም ወደ ቀድሞው ዝምታው ይመለሳል።