“ባለበት ሁኔታ” ብሎ መፈረም በአላህ ፊት ነፃ ያወጣልን?

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይገባው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን በሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።



ስለ ንግድ አማና ሲነሳ ብዙዎቻችን የምናስበው ሚዛንና ስፍርን ነው። በቅቤ ላይ ሙዝ የሚቀላቅለውን፣ በበርበሬ ላይ ሸክላ የሚፈጨውን ስናወግዝ ኖረናል፤ ማውገዛችንም ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ በዛሬው ገበያ ከቅቤና ከበርበሬ ይበልጥ የሰው ጥሪት የሚጠፋበት ሌላ በር አለ። እርሱም ሞተር ነው። የመኪና ሞተር፣ የባጃጅ ሞተር፣ የወፍጮ ሞተር፣ የውኃ መሳቢያ ሞተር። የተበላሸ ቅቤ የአንድ ሳምንት ወጥ ያበላሻል፤ ታሞ የተሸጠ ሞተር ግን የአንድ ቤተሰብ የዓመታት ቁጠባ በአንድ ቀን ያቆማል።

ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማየት ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀን ወደ ፓዌ እንሂድ። በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ፣ ከሸዋ፣ ከከምባታና ከሐዲያ የተነሳ ሕዝብ በመተከል፣ በበለስ ሸለቆ ሰፈረ። መንደሮቹ እስከ ዛሬ በቁጥር ይጠራሉ። ከወሎ ከመጡት መካከል ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩና መድረሳቸውንና ዱዓቸውን ይዘው ነው የመጡት። በ1978 በጣሊያን መንግሥት ገንዘብ የጣና በለስ ፕሮጀክት ተጀመረ፤ ሳሊኒ የተባለው የሥራ ተቋራጭ ገባ፤ ጫካው በዶዘር ተመነጠረ፤ መሬቱም በትራክተር ታረሰ። በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ፕሮጀክቱም አበቃ፤ ገበሬውም ወደ በሬና ወደ ዶማ ተመለሰ። በሬውንም ቢሆን የቆላ ዝንብ የሚያመጣው ገንዲ አላስቀምጥ አለው። የፓዌ ሰው መካኒክና መለዋወጫ የሌለው ሞተር የብረት ክምር መሆኑን ያወቀው ከዚያ ዘመን ጀምሮ ነው።

ስለዚህ በፓዌ የሚሠራ ሞተር ምጥ የያዛትን እናት ከመንደር ወደ ፓዌ ሆስፒታል የሚያደርስ እግር ነው። ወባ የጣለውን ሕፃን የሚያደርስ እርሱ ነው። ሰሊጡንና አኩሪ አተሩን ለገበያ የሚያወጣም እርሱ ነው። ያን ሞተር ሕመሙን ደብቆ የሚሸጥ ሰው ምን እየሸጠ እንደሆነ ልብ ሊለው ይገባል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በዚያው በፓዌ በአንድ የሽምግልና ጉዳይ ከተቀመጡት ሰዎች አንዱ ነበርኩ። ሦስት ወንድማማቾች የሁለት ዓመት ምርታቸውን ሸጠው፣ የጎደለውንም ተበድረው፣ ያገለገለ ሚኒባስ ከአንድ ነጋዴ ገዙ። በውሉ ላይ “መኪናውን አይተን፣ ወደን፣ ባለበት ሁኔታ ገዝተናል” የሚል ሐረግ ሰፍሯል። ሻጩ ግን በቃሉ “በሞተሩ የስድስት ወር ዋስትና እኔ ራሴ ነኝ” ብሏቸው ነበር። በ23ኛው ቀን መኪናው ከቻግኒ ሲመለስ ሞተሩ ነክሶ ቆመ። ጋራዥ ገብቶ ሲከፈት ብሮንዚኑ ተልጦ፣ ኮሎው ተፋፍቆ ተገኘ። በውስጡ የነበረውም ዘይት ለዚያ ሞተር ከሚገባው እጅግ የወፈረ ነበር። መካኒኩ “ይህ ዘይት የተጨመረው የሞተሩን ማንኳኳት ለማፈን ነው” አለ። ሻጩ “ወረቀቱን አንብቡ” ሲል፣ ገዢዎቹ “ቃልህስ የት ደረሰ?” አሉት። እርሱም መልሶ “በውኃ እጥረት ያቃጠላችሁት እናንተው ናችሁ” አላቸው።

ውድ አንባብያን፣ ይህ ክርክር ለብዙዎቻችሁ አዲስ አይደለም። አዲስ አበባም፣ ደሴም፣ ጅማም በየቀኑ ይሰማል። በዚህ ነገር ሸሪዓችን ምን ይላል?

በመጀመሪያ መሸፋፈንን እንመልከት። በረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን ሞተር አልነበረም፤ ማታለል ግን ነበር። አንዳንድ ሻጭ ግመሉን ወይም በጉን ለጥቂት ቀናት ሳያልብ ይተውና ጡቷ ተወጥሮ ወተታም መስላ ገበያ ያወጣት ነበር። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ይህን ከለከሉ፤ ተታልሎ የገዛም ሰው አልቦ ካያት በኋላ እስከ ሦስት ቀን ድረስ ወይ እንዲይዛት፣ ወይ ስለ ወተቱ አንድ ቁና ተምር ጨምሮ እንዲመልሳት ፈረዱ። ሐዲሱ በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበ ነው። እስቲ አስተውሉ! ያልታለበ ጡትና በወፍራም ዘይት የታፈነ ሞተር ምን ለያቸው? ገዢው ከመድረሱ በፊት ሞተሩን አሙቆ በቀላሉ እንዲነሳ ማድረግ፣ የኪሎ ሜትር ቆጣሪውን ወደ ኋላ መመለስ፣ ዘይት የሚያንጠባጥበውን ሞተር አጥቦ አንጸባርቆ ማቅረብ፣ ሁሉም የዚያች ያልታለበች ግመል ዘመዶች ናቸው። አባቶቻችን “ሳል ይዞ ስርቆት” ይላሉ፤ የታመመ ሞተርም ዛሬ ቢታፈን ነገ በመንገድ ላይ ማሳሉ አይቀርም።

ሁለተኛው ያ “ባለበት ሁኔታ” የሚለው ሐረግ ነው። ይህ ጥያቄ በሰሓባዎች ዘመን ተነስቶ ፍርድ አግኝቷል። ኢማም ማሊክ በሙወጧእ እንደዘገቡት፣ ዐብዱላህ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ.) በዚያ ዘመን ልማድ አንድ ባሪያ “ለሚገኝበት ጉድለት ተጠያቂ አይደለሁም” በሚል ውል በ800 ድርሃም ሸጡ። ገዢው ቆይቶ “ያልነገርከኝ ሕመም አለበት” ሲል ከሰሳቸው። ጉዳዩ ወደ ኸሊፋው ወደ ዑስማን ኢብኑ ዐፍፋን (ረ.ዐ.) ቀረበ። ዑስማን ውሉን አንብበው ብቻ አላሰናበቱም። ኢብኑ ዑመርን “ስትሸጠው ሕመም እንዳለበት አላውቅም ነበር ብለህ በአላህ ማል” አሏቸው። ኢብኑ ዑመር ከመማል ተቆጠቡ፤ ባሪያውንም መልሰው ተቀበሉ። ቆይቶም ተሻለውና በ1500 ድርሃም ሸጡት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ ሁለት ትልልቅ ትምህርቶች አሉ። አንደኛው፣ ወረቀት ሻጩ የማያውቀውን ጉድለት ሊሸፍንለት ይችል እንደሆነ እንጂ የሚያውቀውን አይሸፍንለትም። ዑለማዎቻችን እንዲህ ባለው ውል ስፋት ይለያያሉ፤ የሐነፊ መዝሀብ ሰፋ ያደርገዋል፣ የሻፊዒ መዝሀብ ያጠብበዋል። እያወቁ መደበቅ ግን ሐራም መሆኑ አያከራክርም። ሁለተኛው፣ የአላህን ስም ከፍ አድርጎ ከመሐላ የተቆጠበ ሰው የመለሰው ንብረት ኪሳራ አልሆነበትም። 800 የነበረው 1500 ሆኖ ተመለሰ። በረካ ማለት ይህ አይደለምን?

የአገራችን ሕግም ቢሆን ከዚህ ሩቅ አይደለም። በ1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 2287 ጀምሮ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ መሆኑን ይደነግጋል፤ ተዋዋዮች ይህን ዋስትና በስምምነት ሊያስቀሩት ቢችሉም፣ ጉድለቱን በተንኮል የደበቀ ሻጭ በዚያ ውል ሊከለል አይችልም። ገዢም የገዛውን ዕቃ ቶሎ መርምሮ ጉድለቱን ቶሎ የማስታወቅ ግዴታ አለበት። ሕጉን የሚፈራ ከዚህ ይጠንቀቅ፤ አላህን የሚፈራ ደግሞ ከዚህ በፊት ይጠንቀቅ።

ሦስተኛው በሻጭና በገዢ መካከል ያለው ሰው ነው። እርሱም መካኒኩ፣ ደላላውና ሠራተኛው ነው። “እኔ ምን ቸገረኝ፣ ሸያጩ እርሱ ነው” ይላል። ዋሲላ ኢብኑል አስቀዕ (ረ.ዐ.) ግን እንዲህ አላሉም። አንድ ሰው ግመሉን በ300 ድርሃም ሸጦ ገዢው ይዞ ሲሄድ፣ ዋሲላ ከኋላው ሮጠው “ለሥጋ ነው ወይስ ለመንገድ የገዛኸው?” ሲሉ ጠየቁት። ለመንገድ መሆኑን ሲነግራቸው “በእግሯ ላይ ቁስል አይቻለሁ፤ መንገድ አትቀጥልም” አሉት። ገዢው ተመለሰ፤ ሻጩም 100 ድርሃም ቀነሰለትና “ሽያጬን አበላሸህብኝ” ሲል አማረረ። ዋሲላ ለሙስሊም ሁሉ ቅን ምክር ሊሰጡ ለረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ቃል የገቡ መሆናቸውን ነገሩት።

ይህ የጥንት ታሪክ ብቻ ነው የሚል ካለ በዘመናችን የሆነውን ይስማ። ሁንዳይና ኪያ “ቴታ 2” በተባለው ሞተራቸው ላይ ብዙ ክስ ደርሶባቸዋል። ሲመረት የተቀረፈ የብረት ርጋፊ በኮሎው የዘይት መተላለፊያ ውስጥ ቀርቶ፣ የዘይቱን መንገድ እየዘጋ ብሮንዚኑን ያስበላ ነበር፤ ሞተሩም በመንገድ ላይ ይነክስ ነበር። ኪም ግዋንግ ሆ የተባለ የሁንዳይ መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ2016 ኩባንያው ጉድለቱን በሚገባ አላስታወቀም ሲል ለአሜሪካ የመንገድ ደህንነት መሥሪያ ቤት አመለከተ። ከሥራውም ተባረረ። ነገር ግን በ2019 ኩባንያዎቹ በአሜሪካ ለእነዚህ ሞተሮች የዕድሜ ልክ ዋስትና ሊሰጡ ተስማሙ፤ በ2020 በድምሩ እስከ 210 ሚሊዮን ዶላር የሚደርስ ቅጣት ተቀበሉ፤ በ2021 ደግሞ ለዚያ መሐንዲስ ከ24 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሽልማት ተሰጠው። በሩቅ አገር ያለ አንድ መሐንዲስ እንጀራውን እስከ ማጣት ከደፈረ፣ የዋሲላን ቃል ኪዳን የሚያውቅ ሙስሊም መካኒክ በ500 ብር የዝምታ ጉርሻ አፉን ሊይዝ ይገባዋልን?

አራተኛው ገዢው ነው። አማና የሻጭ ዕዳ ብቻ አይደለችም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ሁለቱ ተገበያዮች እውነት ተናግረው ግልጽ ካደረጉ ግብይታቸው እንደሚባረክ፣ ከዋሹና ከደበቁ ግን በረካው እንደሚጠፋ ሲያስተምሩ ሁለቱንም ነው የጠሩት። ዘይት ሳይቀይር የነዳ፣ ከአቅም በላይ የጫነ፣ ከዚያም ሞተሩ ሲነክስ “ስገዛው ጀምሮ እንዲህ ነበር” ብሎ ዋስትና የሚጠይቅ ሰው የሻጩን ገንዘብ በሐሰት እየበላ ነው።

በፓዌው ሽምግልና ይህ ነጥብ መጣ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ የኢብኑ ዑመርን ታሪክ ከተረኩ በኋላ ወደ ሻጩ ዞረው “ልጄ፣ ሕመሙን አላውቅም ነበር ብለህ ማልና ነፃ ውጣ” አሉት። ሻጩ እስከ ዐስር ሰላት ጊዜ ጠየቀ። ከሰላት በኋላ “አልምልም” አለ። ሽማግሌው ታዲያ በዚያ አላበቁም፤ ወንድማማቾቹንም “እናንተስ የሙቀቱ መርፌ ሲወጣ አላያችሁም?” አሏቸው። ታናሽየው አንገቱን ደፍቶ “አይተናል፤ ሰው ጭነን ስለነበር ይደርሳል ብለን ነዳን” አለ። በመጨረሻ ሻጩ የማሠሪያውን ሁለት እጅ፣ ወንድማማቾቹ አንድ እጅ ሊችሉ በሱልሕ ተስማሙ። ማንም ፍርድ ቤት አልሄደም። ሁለቱም ወገን ያጣው ገንዘብ ቢኖርም ወንድምነቱን ይዞ ወጣ።

ይህ ጉዳይ ከእንግዲህ ይብስ እንደሆን እንጂ የሚቀል አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። እንግዲህ በአገር ውስጥ ያለው የነዳጅ መኪና እያረጀ ከእጅ ወደ እጅ መዘዋወሩ ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሲመጣም ሞተሩ በባትሪ ቢተካ፣ ጥያቄው ያው ነው፤ “የምታውቀውን ነግረኸዋል ወይ?”

ስለዚህ በሶማሌ ተራ ያገለገለ መለዋወጫ የምትሸጥ ወንድሜ ሆይ፣ መኪና የምታሻሽጥ፣ ጋራዥ የከፈትክ፣ ወፍጮና ፓምፕ የምታቀርብ ወንድሜና እህቴ ሆይ! የምታውቁትን ጉድለት ከዋጋው በፊት ተናገሩ፤ ከቻላችሁም በውሉ ላይ ጻፉት። በቃል የሰጣችሁትን ዋስትና በወረቀት አስፍሩ፤ አላህ በሱረቱል ማኢዳህ መጀመሪያ ምእመናንን ውላቸውን እንዲሞሉ ነው ያዘዛቸው። ገዢም ሆይ፣ ከመክፈልህ በፊት የራስህን መካኒክ ውሰድ፤ ከገዛህም በኋላ ዘይቱንና ውኃውን አትዘንጋ፤ ጉድለት ስታይ ዕለቱን ተናገር። ስትናገርም ያጠፋኸውን ጨምረህ ተናገር።

ሻጭ የሸጠው ሞተር የት እንደሚደርስ አያውቅም። ምናልባት ስሙ ቁጥር በሆነ መንደር፣ በሌሊት፣ ምጥ የያዛት እናት ትጫንበት ይሆናል። ሰነዱን ዳኛ ያነበዋል፤ ልቡን ግን አላህ ያነበዋል።

አላህ (ሱ.ወ.) ሪዝቃችንን ሐላል፣ ምላሳችንን እውነተኛ፣ ንግዳችንን የተባረከ ያድርግልን። አሚን።