መምህርና መክሊት

መምህር በደቀ መዝሙሩ ላይ ያለው ሥልጣን እስከ ምን ይደርሳል? ይህን ብርቱ ጥያቄ የጀርመናዊው የፒያኖ መምህርና የሙዚቃ ሐያሲ የፍሪድሪሽ ቪክ ሕይወት አጉልቶ ያሳየናል።

ቪክ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1785 ተወልዶ፣ በቪተንበርግ ነገረ መለኮትን ከተማረ በኋላ፣ የስብከቱን አገልግሎት ትቶ በላይፕዚግ የታወቀ የፒያኖ መምህር ሆነ። በ1819 የተወለደችው ልጁ ክላራ እስከ አራት ዓመቷ ድረስ አፏን ሳትፈታ ብትቆይም፣ እሱ ግን ኖታ ከማስነበቡ በፊት ጆሮዋንና ጣቶቿን አሠልጥኖ፣ በየቀኑም በእግር እያንሸራሸረ ሰውነቷን አጽንቶ፣ በ9 ዓመቷ በጌቫንድሃውስ አዳራሽ በሕዝብ ፊት ለመጫወት አበቃት።

ይህ ድካም ምስጋና የሚገባው ነው። ነገር ግን የክላራን የልጅነት የዕለት ማስታወሻ የሚያነብ ሰው ይደነግጣል፤ በብዙው ገጽ ላይ «እኔ» እያለ የሚጽፈው አባቷ ነበረና፣ በገዛ አንደበቷ እሷኑ ሲወቅስ ይገኛል።

በቤቱ ተቀምጦ ይማር የነበረው፣ በ1834ም አብሮት የሙዚቃ መጽሔት የመሠረተው ሮበርት ሹማን ክላራን ለጋብቻ በጠየቀ ጊዜ፣ ቪክ እንቢ አለ። ሹማን ጣቱ ተጎድቶ ፒያኖ ተጫዋች የመሆን ተስፋው የተቋረጠ፣ ገቢውም ያልተረጋገጠ ሰው ነበረና የአባትየው ሥጋት ከንቱ አልነበረም፤ ይሁን እንጂ ነገሩ ከዳኛ ፊት በደረሰ ጊዜ፣ ሰካራም ነው ብሎ ያቀረበውን ክስ ማስረዳት ተስኖት ተረታ፤ ሁለቱም በሴፕቴምበር 12 ቀን 1840፣ ክላራ 21 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት፣ ተጋቡ።

በወንጌል የተመሰገኑት አገልጋዮች መክሊታቸውን ያበዙት ለሰጣቸው ጌታ እንጂ ለራሳቸው አለመሆኑን፣ ነገረ መለኮት የተማረው ቪክ ከማንም ይልቅ ሊያስተውል በተገባው ነበር። ጸጋ ከፈጣሪ ነው፤ መምህር የጸጋው መጋቢ ነው። መጋቢነቱን ረስቶ ባለቤት ነኝ ያለ ጊዜ፣ ፍቅሩ ራሱ ወደ ጭቆና ይለወጣል።

አባትና ልጅ በ1843 ታረቁ። ቪክ በ1873 ካረፈ በኋላ፣ ክላራ በ1878 በፍራንክፈርት የሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህርት ሆና፣ ከእሱ የተቀበለችውን ጥበብ እሱ ከቶ ላላያቸው ወጣቶች አስተላለፈች። በክስ ሊያስቀራት የደከመላት ልጅ፣ ከእጁ በመውጣቷ ሥራውን ከመቃብር ወዲያ አሻገረችለት። እንግዲህ መምህር ስለ ትጋቱ ብቻ ሳይሆን፣ የተሰጠውን አደራ በጊዜው አሳልፎ ስለ መስጠቱም ይጠየቃል፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ትሕትና ከማስተማሩ ጥበብ ይልቅ ይከብዳል።