መድኃኒቱን ከነመለያው

ከቀይ አፈር ወደ ጂንካ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ካኮ የምትገበያዩ ከብት አርቢዎች፣ አደራ የምላችሁ ነገር አለ፦ በሃይላንድ ጠርሙስ ተቀድቶ ያለ መለያ የቀረበላችሁን የመዥገር መድኃኒት አትግዙ። ቢረክስም አትግዙ። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674 ያልተመዘገበ መድኃኒት እንዳይሸጥ የከለከለው በከንቱ አይደለም።

ለመዥገርና ለእከክ የሚረጨው ዲያዚኖን ሲበዛ ነርቭን ይመርዛል። በሬው ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ያስቀምጠዋል፣ የዓይኑ ብሌን ይጠባል፣ የትከሻው ሥጋ ከቆዳው ሥር ይርገበገባል፤ ከዚያ ትንፋሽ ያጥረዋል። ለዚህ አትሮፒን የተባለ ማርከሻ አለ። ሐኪሙ ለሃጩ እስኪደርቅና ትንፋሹ እስኪቀለው ድረስ እየደጋገመ ይወጋዋል። ገንዲ የሚያስተላልፈውን ዝንብ ለመከላከል ጀርባ ላይ የሚፈሰው ዴልታሜትሪን ግን ዘሩ ሌላ ነው፤ እሱም ለሃጭ ያዝረበርባል፣ ያንቀጠቅጣል፣ የራሱ የሆነ ማርከሻ ግን የለውም፤ ሐኪሙ አጥቦ መንቀጥቀጡን ያስታግሳል እንጂ። ታማሚውን ብቻ አይቶ ሁለቱን መለየት ያስቸግራል። ስለዚህ ወደ ክሊኒክ ስትሮጡ ጠርሙሱን ከነመለያው ያዙ፤ የሐኪሙን ግማሽ ሥራ የሚሠራው እሱ ነው።

ልኩም ያለው መለያው ላይ ነው። 60 በመቶ የሆነው ዲያዚኖን ለከብት ብዙውን ጊዜ 1 ሚሊ ሊትሩ በ1 ሊትር ውሃ ይበጠበጣል። አንድ የሃይላንድ ክዳን ከዚህ ብዙ እጥፍ ይይዛል፤ በክዳን እየገመታችሁ አትቀላቅሉ።

ሐኪም እስኪደርስ እጃችሁን በፌስታል ሸፍናችሁ ከብቱን በሳሙናና በብዙ ውሃ እጠቡት፤ ወንዝ ውስጥ ግን አታስገቡት። ወተትና ዘይት ያረክሳል ብላችሁ አታጠጡት። ዘይት መርዙን ወደ ሰውነት ያሰርገዋል፤ የሚንቀጠቀጥ ከብት ደግሞ የተጋተው ሳንባው ሊገባ ይችላል። «ሳይሞት እንረደው» የሚለውንም ተዉ፤ ሐዘኑ ይገባኛል፣ በሬ ማጣት ቀላል አይደለም፤ ነገር ግን መርዙ ሥጋው ውስጥ አለ፣ የሚበሉት ደግሞ ልጆቻችሁ ናቸው። የተረጨች ላም ወተትም መለያው ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ አይጠጣ።

ቀፎ ከተሰቀለበት ዛፍ ሥር አትርጩ፤ ለከብት የታሰበው መድኃኒት ንብንም ይፈጃል። ባዶውን ጠርሙስ ውሃም ሆነ የገለባ ቡና አትቅዱበት፤ ሌላ ሰው አንስቶ እንዳይጠቀምበት ቀዳዱት።