ስንቁን ይዞ የመጣ እንግዳ

በአማርኛ «እንግዳ» የሚለው ቃል ሁለት ነገር ያመለክታል። አንደኛው ከደጅ መጥቶ ቤት የሚገባው ሰው ነው፤ ሁለተኛው ያልታወቀው፣ ያልተለመደው፣ ለዓይንም ለኅሊናም አዲስ የሆነው ነገር ነው። ቋንቋው ሁለቱን በአንድ ቃል ማሰሩ ያለ ምክንያት አይመስልም። የመሸበት መንገደኛ ከነምስጢሩ የሚገባ ሰው ነውና። ከደጅ ሆኖ «ቤት ለእምቦሳ!» ሲል ከውስጥ «እምቦሳ እሰሩ!» የሚል ድምፅ ይመልስለታል፤ እግሩ ይታጠባል፤ ከመደቡ ላይ ቦታ ይለቀቅለታል። ከትከሻው የወረደው የበሶና የቆሎ ስንቅ ግን እንደታሰረ ከጥግ ይቀመጣል። እንግዳው በሰው ቤት የራሱን ስንቅ ፈትቶ ቢበላ ነውሩ የባለቤቱ እንጂ የእንግዳው አይሆንም።

ሆቴል ይህን ሥርዓት ወደ ገበያ ያወጣ ተቋም ነው። አልጋውም ምግቡም ዋጋ ተቆረጠለት፤ እንግዳው ስንቁን መፍታቱም ነውር መሆኑ ቀርቶ ለባለቤቱ ኪሳራ ሆነ። የመኝታ ክፍሉ ቴሌቪዥን ታሪክ ይህንኑ በግልጽ ያሳያል። በአሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1980 በደቡብ ዳኮታ የተቋቋመው ሎጅኔትና መሰሎቹ ለሆቴል ክፍሎች ፊልም እያስከፈሉ ያቀርቡ ነበር። እንግዳው ከአልጋው ሳይወርድ ይመርጣል፤ ሒሳቡ ከክፍሉ ኪራይ ጋር ተደምሮ ይቀርብለታል። ከባለሆቴሉ ገበታ በቀር ሌላ ገበታ ስላልነበረ ንግዱ ደራ። እንግዶች የየራሳቸውን ኮምፒዩተርና ስልክ ይዘው መጓዝ ሲጀምሩ ግን ገበታው ፈላጊ አጣ። ሎጅኔት እ.ኤ.አ. በ2013 መጀመሪያ ላይ የኪሳራ ማመልከቻውን ለፍርድ ቤት አቀረበ። በዚያው ዓመት አጋማሽ ጉግል ክሮምካስት የተባለችውን፣ በ35 ዶላር የምትሸጥ ትንሽ መሣሪያ ለገበያ አወጣ። አንዱ ሌላውን ገደለ ለማለት አይቻልም፤ ሎጅኔት ክሮምካስት ሳትወለድ ወድቆ ነበር። ሆኖም የዘመን መለወጫው በዚያ ዓመት ነበር ቢባል ስሕተት አይሆንም።

አሠራሩ ቀላል ነው። በክፍሉ ቴሌቪዥን ላይ ጥቁርና ነጭ ነጠብጣብ የሞላበት አራት ማዕዘን ምልክት ይታያል። እንግዳው የስልኩን ካሜራ ሲያነጣጥርበት ስልኩ ከሆቴሉ ዋይ ፋይ ጋር ይገናኝና ከዚያ ክፍል ቴሌቪዥን ጋር ብቻ ይጣመራል። ብዙ ሰው ምስሉ ከስልኩ ወጥቶ ወደ ቴሌቪዥኑ የሚበር ይመስለዋል። በክሮምካስት ዓይነቱ አሠራር ግን ስልኩ የሚያቀብለው የፊልሙን አድራሻ ነው፤ ፊልሙን ከኢንተርኔት የሚስበው በቴሌቪዥኑ ላይ የተገጠመው መሣሪያ ራሱ ነው። እንግዳው ክፍሉን ሲለቅ ጥምረቱ ይፈርሳል። የአፕል ኤርፕሌይም እ.ኤ.አ. በ2024 በዚሁ ምልክት አማካይነት ወደ አንዳንድ ሆቴሎች ገብቷል። እንግዲህ እንግዳው ስንቁን በባለቤቱ ገበታ ላይ ፈታ፤ ባለቤቱም ራሱ «ፍታው» አለው።

ለመሆኑ ይህ መስተንግዶ ነው ወይስ የመስተንግዶ መቅረት?

መስተንግዶ ነው የሚሉ ወገኖች የክልከላውን ገጽታ ማስታወስ ይበቃቸዋል። በአሜሪካ፣ በናሽቪል ከተማ፣ በማሪዮት ይተዳደር የነበረው ጌይሎርድ ኦፕሪላንድ ሆቴል በስብሰባ አዳራሾቹ ውስጥ ሰዎች በራሳቸው ስልክ የሚከፍቱትን የኢንተርኔት መስመር ሲያፍን ተገኘ። በአንጻሩ የራሱን መስመር ለአንድ መሣሪያ ከ250 እስከ 1,000 ዶላር ያስከፍል ነበር። የአገሪቱ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ጉዳዩን መርምሮ እ.ኤ.አ. በ2014 ኩባንያው 600,000 ዶላር እንዲከፍል አደረገ። ኩባንያው ያቀረበው ምክንያት የእንግዶቹን ደኅንነት ለመጠበቅ የሚል ነበር፤ እንግዳን የሚያፍን ሁሉ ስለ እንግዳው ደኅንነት መናገሩ የቆየ ልማድ ነው። ከዚህ አድራጎት አጠገብ ሲታይ፣ እንግዳው የራሱን ነገር በግድግዳው ላይ እንዲያይ የሚፈቅድ ባለሆቴል የክብር ሰው ነው።

ይሁን እንጂ ተቃራኒው ሐሳብ በቀላሉ የሚጣል አይደለም። ከቶሮንቶ ተነሥቶ ወደ ናይሮቢ ሲያልፍ በአዲስ አበባ አንድ ሌሊት ብቻ የሚያድር መንገደኛ ይታሰብ። ክፍሉ እንደገባ ስልኩን ያጣምራል፤ በቤቱ አራተኛው ክፍል ላይ ያቆመውን ተከታታይ ፊልም አምስተኛውን ያያል፤ ይተኛል፤ ጎህ ሲቀድ ወደ አውሮፕላኑ ይሄዳል። ከተማይቱን ያያት በአውቶቡስ መስኮት ብቻ ነው። የጥንቱ ባለቤት የእንግዳውን ስንቅ የማያስፈታው ከጥጋብ የተነሣ አልነበረም። ብዙ ጊዜ ከእንግዳው ይልቅ የሚርበው እርሱ ነበር። እንግዳው ያልቀመሰውን የዚያን ቤት ጣዕም ቀምሶ እንዲሄድ ግን ይፈልግ ነበር። በዚህኛው ክፍል ቤቱ ለሰውዬው እንግዳ አልሆነበትም፤ እርሱም ለቤቱ እንግዳ አልሆነም። ሁለቱም ሳይተያዩ አደሩ። ይህ ለኪነ ጥበብ ሰው ትንሽ ነገር አይደለም፤ የኪነ ጥበብ ሥራው ያልታወቀውን ነገር ከሰው ፊት ማቆም ነውና።

ነገር ግን በአሮጌው ገበታ ላይ ምን ቀርቦ እንደነበር በሐቀኝነት መጠየቅ ያሻል። በአብዛኛው የዓለም አቀፍ ዜና፣ የአውሮፓ እግር ኳስ፣ በታላላቅ ቋንቋዎች የተሠራ ፊልም ነበር። በየሆቴሉ ክፍል የባለአገሩ ድምፅ ይሰማ የነበረ አስመስሎ ማዘን ያልሞተ ሰው ለቅሶ መቀመጥ ነው። እንዲያውም ነገሩ ከሌላ አቅጣጫ ሲታይ ይገለበጣል። ከጅዳ ወይም ከዋሺንግተን ተነሥታ ለሥራ ወይም ለሕክምና በፍራንክፈርት አንድ ሆቴል ያረፈች ኢትዮጵያዊት የክፍሏን ቴሌቪዥን ብትከፍት የጀርመንኛው፣ የእንግሊዝኛው፣ የፈረንሳይኛው ጣቢያ ይደረደርላታል፤ በእርሷ ቋንቋ የሚናገር አይገኝም። አማርኛ ተናጋሪው በብዙ ሚሊዮን የሚቆጠር ሆኖ ሳለ በዓለም የሆቴል ገበያ ዋጋ ያልተቆረጠለት ቋንቋ ነው። ስልኳን ስታጣምር ግን የአዲስ አበባው ድራማ፣ የመሰንቆው ዜማ፣ የእናቷ ቋንቋ ባዕድ ግድግዳ ላይ ይፈሳል። ለጀርመናዊው ምቾት የሆነው ለእርሷ ከምቾት ያለፈ ነው። ስለዚህ ጉዳዩን በአዲስ አበባ ሆቴል መስኮት ብቻ የሚመለከት ሰው ሚዛኑን ያዛባል።

ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን ከቀረበው ምግብ ይልቅ ባለቤቱ ስለ እንግዳው የሚያስታውሰውን የሚመለከተው ነው። ማሪዮት እ.ኤ.አ. በ2015 ከኔትፍሊክስ ጋር ሲስማማ እንግዳው በራሱ የይለፍ ቃል ገብቶ እንዲያይ፣ ክፍሉን ሲለቅም መረጃው ከቴሌቪዥኑ እንዲጠፋ ተደርጎ ነበር። ይህ ጥንቃቄ በሌለበት ሆቴል ግን የትናንቱ እንግዳ ስምና ሲያያቸው ያመሸባቸው ፊልሞች ዝርዝር ዛሬ ለገባው ይታያሉ። መስመሩ በየክፍሉ ካልተከለለ ደግሞ በአንዱ ስልክ ላይ የጎረቤቶቹ ቴሌቪዥኖች ሁሉ ይዘረዘራሉ፤ የማያፍር ሰው ልጆች በሚተኙበት ክፍል ግድግዳ ላይ የፈለገውን ምስል ሊለቅ ይችላል። በሩ ተቆልፎ ሳለ ሳያንኳኩ መግባት ማለት ይህ ነው።

የጥንቱ ባለቤት የእንግዳውን አቁማዳ አይፈታም ነበር፤ በእንቅልፍ ልቡ የተናገረውንም ሰምቶ እንዳልሰማ ያልፈው ነበር። እንዲህ ያለው መርሳት የሰው ምግባር ነበር፤ ባለቤቱም ቢያጎድል በመንደሩ ይወቀስበታል። አሁን መርሳት በመሣሪያ ውስጥ የሚስተካከል አንድ ቅንብር ሆኗል። ቢጎድል ተጠያቂው ማነው? ቴሌቪዥኑን የሠራው፣ መስመሩን የዘረጋው፣ ፊልሙን የሚያቀርበው፣ እያንዳንዱ ወደ ሌላው ይጠቁማል። «ኩባንያው እንዲህ አድርጎ ነው የገጠመው» የሚል ባለሆቴል ግን መልስ አልሰጠም። እንግዳው ቁልፍ የተቀበለው ከእርሱ እጅ ነው። ቁልፉን ሰጥቶ አደራውን ለሌላ ማስተላለፍ አይቻልም። ባለሆቴሉ ስለ ኬብሉና ስለ ሞገዱ ባያውቅ አይፈረድበትም፤ አለማወቁን ይዞ በር መክፈቱ ግን ያስፈርድበታል።

በሌላ በኩል፣ ስንቁን ያስፈታ ባለቤት የራሱን ሞሰብ ከአጠገቡ እንዳይከፍት የሚከለክለው የለም። እንግዳው ስልኩን ከማጣመሩ በፊት የሚታየው የመጀመሪያው ገጽ የባለሆቴሉ ነው። ብዙ ጊዜ ያ ገጽ ስለ ማሳጅና ስለ ምግብ ቤቱ ማስታወቂያ ይጨናነቃል። እዚያ ላይ ከአገሬው ፊልሞች ጥቂቶቹ፣ ለባለሙያዎቻቸው ተገቢው ክፍያ ተፈጽሞ፣ በጥሩ ቅጅና በሌላ ቋንቋ ጽሑፍ ታግዘው ቢቀርቡ ምን ይጎዳል? እ.ኤ.አ. በ2008 በቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማት ያገኘው የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» የአንድ ሌሊት መንገደኛን ከአምስተኛው ክፍል ሊያስቀር የሚችል ሥራ ነው። ማስገደድ ግን አይገባም። እንጀራ በግድ የጎረሰ እንግዳ የሚያስታውሰው ግዱን ነው። እዚህ ላይ ጥያቄው ከባለሆቴሉ ወደ ኪነ ጥበብ ሰዎች ይዞራል፤ ሞሰቡ ቢከፈት በውስጡ የተጋገረ ነገር መኖሩን የሚያውቁት እነርሱ ናቸውና።

ረፋድ ላይ እንግዳው ቁልፉን መልሶ ሲወጣ የጽዳት ሠራተኛዋ ወደ ክፍሉ ትገባለች። አንሶላውን ትገፋለች፣ መስኮቱን ትከፍታለች፣ ከአልጋው ሥር የተረሳ ነገር እንዳለ ጎንበስ ብላ ታያለች። ቀጥላም ቴሌቪዥኑን ከፍታ የሰውዬው ስም ከላዩ መጥፋቱን ትመለከታለች። ይህ በሥራ ዝርዝሯ ላይ የተጻፈ አይደለም።