የቮልሷ የኋላ ፓራውልት

አባቴ ትቶልን ከሄደው ነገር ሁሉ የሰፈር ሰው የሚያውቀው ቮልሷን ነው። የ1970 ሞዴል ናት (የሞዴሉን ዓመት የምጠራው በፈረንጆች ነው)። አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ፣ ግቢያችን ውስጥ ማንጎው ስር ትቆማለች። የኋላ ፓራውልቷ በግራ በኩል ገባ ብሏል። እናቴ መንዳት ስትማር ከዚሁ ማንጎ ጋር አጋጭታት ነው።

ዘንድሮ ለእረፍት ስመጣ ከአዲስ አበባ የድሮ ፓራውልት ይዤ መጣሁ። ቮልስ የሚወድ ሰው ልዩነቱን ያውቀዋል። በ1968 ሞዴል እስኪቀየር ድረስ ፓራውልቱ ጎበጥ ያለ፣ ጠርዙ ለስላሳ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመጣው ማዕዘኑ የወጣ፣ ደረቅ ያለ፣ ከፍ ብሎ የሚገጠም ነው። እውነቱን ለመናገር የድሮው ያምራል። የኛን ቮልስ ጥቂት ዓመት ወደኋላ ልመልሳት ፈለግኩ።

የአባቴ ሜካኒክ ጋ ወሰድኳት። ጋሼ ጎንበስ ብለው አዩና ለኩ። «ቡሎን ፈቶ ማሰር ብቻ አይደለም ልጄ» አሉኝ። ብረቱ የሚወጣበት የፓራፋንጎው ቀዳዳ ቦታው ሌላ ነው። ፋብሪካው ፓራውልቱን ከፍ ሲያደርግ የሞተሩን ኮፈንም አሳጥሮታል። ስለዚህ ወይ ፓራፋንጎ መቀየር ነው፣ ወይ ቆርጦ መበየድ።

«ይቁረጡት» ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቃሉ ግን አልወጣም።

ጋሼ ሳቁብኝ። «ሞተሯን ቀይረንላታል። ፍሬኗ የሌላ መኪና ነው። አሁን ፓራውልት ላይ ስትደርስ ነው የምትፆመው?»

ጥያቄያቸው ልክ ነው። እኛ አገር አሮጌ መኪና የሚኖረው ከሌላ መኪና በተነቀለ ዕቃ ነው። ይሄ ሁሉ ተቀይሮም «ያቺው ናት» ካልን፣ ፓራውልት በምን ተለየ?

መልሱን ማታ ላይ ከስራዬ አገኘሁት። ሶፍትዌር ሰሪ ነኝ፤ ኮድ ስቀይር ነው የምውለው። ይሄ ነውር የለውም። ግን እያንዳንዱ ለውጥ መቼና በማን እንደተደረገ የሚይዝ መዝገብ አለ። ኮዱን ማሻሻልና መዝገቡ ውስጥ ገብቶ ቀኑን መለወጥ አንድ አይደሉም። ሞተሩን የቀየርነው ሴቻ ድረስ፣ አባያና ጫሞ ቁልቁል እስከሚታዩበት፣ ዳገቱን እንድትወጣ ነው። ፓራውልቱን ልቀይር የነበረው ግን ያልኖረችውን ዘመን እንደኖረች እንድትመስል ነው።

ነገሩ ከመኪናም ያልፋል። አፄ ኃይለ ሥላሴ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በቮልስዋገን ነበር። ያቺ መኪና ለአንዱ የውርደት ምልክት ናት፣ ለሌላው የፍትሕ። ከዚያ ቀን በፊት ያለውን የሚናፍቅ አለ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን የሚናፍቅም አለ። የኛን ትውልድ ደግሞ ታዘቡ፦ ያልኖርንበትን ዓመት እንመርጥና «ወደዚያ እንመለስ» እንላለን። ከዚያ ወዲህ የመጣውስ? ሰው ተወልዶ፣ አግብቶ፣ አልቅሶ የኖረበት ዘመን ነው። ስለ ናፍቆቱ ሁላችንም እናወራለን፤ ስለሚቆረጠው ግን ማንም አያወራም።

የድሮ ነገር አይወደድ እያልኩ አይደለም። በቡሎን ታስሮ በቡሎን የሚፈታ ቢሆን ኖሮ አስረው ነበር። የጠየቀኝንም «በኋላ የገጠምኩት ነው» እለው ነበር። ሲሰለቸኝ እፈታዋለሁ። የተቆረጠ ላሜራ ግን አይመለስም።

ለእናቴ ነገርኳት። «ያንቺ ምልክት ስላለበት የራሷ ፓራውልት እንዳለ ይቆያል» ብዬ ደስ ላሰኛት ስሞክር ተቆጣች።

«የኔን ምልክት ማን ጠየቀህ? አባትህ በሱ ሲስቅብኝ ነው የኖርኩት። ወስደህ አስቀጥቅጥልኝ!»

ወስጄ አስቀጠቀጥኩት። አሁን ቦታው በእጅ ሲዳሰስ እንጂ በዓይን አይታወቅም። እንዳለ ይቆይ ያልኩት እኔ ነበርኩ፤ የኖረችው ግን እሷ ናት፣ ስለዚህ የማስተካከሉም መብት የሷ ነው።

የድሮውን ፓራውልት የ1965 ሞዴል ላለው ሰው ሸጥኩት። ምንም ሳይቆረጥ ገጠመ።