ፈውስና ዋጋው

በቦረና፣ በወግዲ፣ በሰይንትና በለጋምቦ ደጋ የሚኖር ቤተሰብ ከመካከሉ አንዱ ሲታመምበት ሁለት ጥያቄዎችን ይጠይቃል። የመጀመሪያው «ይድናል ወይ?» የሚል ሲሆን ሁለተኛው «ስንት ይጠይቃል?» የሚል ነው። ለሁለተኛው መልስ ለማግኘት በሬ ይሸጣል፣ ዘመድ ያዋጣል፣ ብድር ይፈለጋል፤ ከመካነ ሰላም ወደ ደሴ፣ ከደሴ ወደ አዲስ አበባ ይኬዳል፤ አቅም የተገኘ እንደ ሆነም መንገዱ እስከ ሕንድና እስከ ታይላንድ ይዘልቃል። ሦስተኛው ጥያቄ ግን በጭንቅ ሰዓት ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ይኸውም የሚሸጥልን ነገር በእርግጥ ፈውስ መሆኑን፣ ፈውሱም ከማን ተወስዶ እንደ መጣ መጠየቅ ነው።

ይህ ጥያቄ ዛሬ ስቴም ሴል በሚባለው ሕክምና ላይ ይበልጥ አስፈላጊ ሆኖ ይታየናል። ስሙ በእጅ ስልክ ማስታወቂያ እስከ ገጠር ቀበሌ ሊደርስ ይችላል፤ ትርጉሙ ግን አብሮት አይደርስም። ስለዚህ በቅድሚያ ነገሩን፣ ቀጥሎም ንግዱን እንመርምር። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በደጋችን ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ቢወድቅ ከጉቶው አዲስ ቀንበጥ ያቆጠቁጣል። በሰው አካልም እንዲሁ ራሳቸውን እያባዙ የደከመውንና የሞተውን የሚተኩ ሕዋሳት አሉ፤ ስቴም ሴል የሚባሉት እነዚህ ናቸው። በመቅኔ ውስጥ ያሉት ደምን ያስገኛሉ፤ በዓይን ብሌን ዳርቻ ያሉት የብሌኑን የላይኛውን ሽፋን ያድሳሉ። የመቅኔ ንቅለ ተከላ የደም ካንሰርን ለማከም መዋል ከጀመረ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለዚህ መንገድ የጠረጉት አሜሪካዊው ሐኪም ዶናል ቶማስም በ1990 የኖቤል ሽልማት ተሸልመዋል። እንግዲህ ስቴም ሴል የተባለ ሁሉ ማታለል ነው ማለት አይቻልም።

ክርክሩ የተነሣው በመጀመሪያ ሕዋሱ ከየት ይወሰዳል በሚለው ላይ ነው። በ1998 በአሜሪካ በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የጄምስ ቶምሰን የምርምር ቡድን ስቴም ሴልን ከሰው ጽንስ ለይቶ ማሳደግ መቻሉን ገለጠ። ሕዋሱ ወደ ልዩ ልዩ የአካል ክፍል ሊለወጥ የሚችል በመሆኑ ታላቅ ተስፋ ተጣለበት፤ ነገር ግን የተገኘው የጥቂት ቀናት ዕድሜ ያለውን ጽንስ በማጥፋት ነበር። ቤተ ክርስቲያን በ2008 ባወጣችው «ዲግኒታስ ፐርሶኔ» በተባለው ሰነድ ልዩነቱን በግልጽ አስቀምጣለች፤ ከአዋቂ ሰው አካል ወይም በወሊድ ጊዜ ከእትብት ደም፣ ሰጪውን በጽኑ ሳይጎዱ መውሰድ ይገባል፤ ጽንስን አጥፍቶ መውሰድ ግን ለየትኛውም መልካም ዓላማ ቢሆን አይገባም። የአውሮፓ ኅብረት የፍትሕ ፍርድ ቤትም በጥቅምት 2011 በሰጠው ውሳኔ የሰውን ጽንስ በማጥፋት ላይ የተመሠረተ ግኝት የፈጠራ ባለቤትነት መብት ሊሰጠው እንደማይችል በይኗል። ጃፓናዊው ሺንያ ያማናካ በበኩላቸው በ2006 ከአይጥ፣ በ2007 ከሰው ቆዳ የተወሰደ ተራ ሕዋስን ጽንስ ሳይነካ ወደ ስቴም ሴልነት መልሰው በ2012 የኖቤል ሽልማት ተካፋይ ሆነዋል። ይህ ክርክሩን ሁሉ ባያበቃም፣ ሕሊናን መጠበቅ ምርምርን የግድ እንደማያቆመው ያሳያል።

ሁለተኛው ነገር ንግዱ ነው። እዚህ ላይ ንግድ በራሱ ኃጢአት እንዳልሆነ አስቀድመን እንናገር። በኅዳር 2011 የቅድስት መንበር የባህል ጳጳሳዊ ምክር ቤት ኒዎስቴም ከተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር ተባብሮ ስለ አዋቂ ስቴም ሴል በቫቲካን ዓለም አቀፍ ጉባኤ አካሂዷል፤ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛም ተሳታፊዎቹን ተቀብለው አነጋግረዋል። ማንም ገበሬ ምርት ሳይጠብቅ አያርስም፤ ለዓመታት የደከመ ተመራማሪና ገንዘቡን ለአደጋ ያጋለጠ ባለሀብትም የድካሙን ዋጋ ቢጠብቅ አያስነውረውም። በጣሊያን የሚገኙት ግራዚየላ ፔሌግሪኒና ሚኬሌ ዴ ሉካ ከሕሙሙ ጤነኛ ዓይን ዳርቻ ጥቂት ሕዋስ ወስደው፣ አሳድገው፣ በተቃጠለው ዓይን ላይ መትከል እንደሚቻል በ1997 ለሕክምናው ዓለም አሳወቁ። ይኸው ሥራ ሆሎክላር የተባለ መድኃኒት ሆኖ በአውሮፓ ፈቃድ ያገኘው በ2015 ነው፤ በስቴም ሴል ላይ የተመሠረተ መድኃኒት በዚያ አህጉር ለገበያ ሲፈቀድ የመጀመሪያው ነበር። በመካከሉ ዐሥራ ስምንት ዓመት አልፏል። ይህን ያህል ትዕግሥት ያለ ገንዘብ አይቻልም።

ገበያ ግን የራሱ ሚዛን አለው፤ ያ ሚዛንም የሕሙሙን ጭንቀት አይመዝንም። ጌሮን የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2010 ከጽንስ በተገኘ ሕዋስ የአከርካሪ ጉዳተኞችን ለማከም የመጀመሪያውን ሙከራ ጀመረ፤ በዓመቱ ግን ገንዘቡን ወደ ካንሰር መድኃኒቶች ለማዞር መርጦ አቆመው። ሌላም ምሳሌ አለ። በሚላኖ ከተማ የሚገኝ የምርምር ተቋም፣ ያለ በሽታ መከላከያ ኃይል ለሚወለዱ ሕፃናት ከገዛ መቅኔያቸው የሚሠራ ሕክምና አገኘ፤ ስትሪምቬሊስ ተብሎ በ2016 ሲፈቀድ ዋጋው ለአንድ ሕፃን 594,000 ዩሮ ነበር። ግላክሶ ስሚዝክላይን የተባለው ኩባንያ በ2018 ለሌላ ኩባንያ አሳለፈው፤ ተቀባዩም በ2022 ገንዘቡን በሌላ ሥራ ላይ ለማዋል ወስኖ ተወው። በ2023 ኃላፊነቱን የተረከበው ከመነሻው ምርምሩን ይረዳ የነበረው ቴሌቶን የተባለው የጣሊያን በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ከሕዝብ በተሰበሰበ ስጦታ የተጀመረ ሥራ በገበያ አልፎ ወደ ስጦታ ተመለሰ። ገበያው ያለ ስጦታው ሥራውን አልጀመረውም፤ እስከ መጨረሻም አልያዘውም።

ከዚህ የከፋው ደግሞ ፈውሱ ሳይኖር ተስፋውን መሸጥ ነው። በ2015 በአሜሪካ በፍሎሪዳ ግዛት ዓይናቸው በዕድሜ ምክንያት የደከመ ሦስት ሴቶች ከገዛ ሆዳቸው ስብ ተወስዶ ስቴም ሴል ነው የተባለ ነገር በሁለቱም ዓይኖቻቸው ተወጉ። ዋጋው 5,000 ዶላር ነበር። ከእነርሱ መካከል በምርምር የሚሳተፉ የመሰላቸው ነበሩ፤ ነገር ግን የታወቀ የምርምር ሥርዓት ዋጋ አስከፍሎ ሁለቱንም ዓይን በአንድ ቀን አይነካም። ከጥቂት ቀናት በኋላ ያላቸውን ብርሃን አጡ ወይም ለማጣት ተቃረቡ፤ ታሪካቸውም በ2017 በታዋቂ የሕክምና መጽሔት ታትሞ ወጣ። ወንጌል ዐሥራ ሁለት ዓመት ደም ሲፈሳት ስለ ኖረች ሴት ሲተርክ በብዙ ሐኪሞች እጅ እንደ ተሠቃየች፣ ያላትን ሁሉ እንደ ጨረሰች፣ ይልቁንም እንደ ባሰባት ይናገራል። ይህ ታሪክ አላረጀም።

«ሞት ከተቃረበኝ ብሞክር ምን እጎዳለሁ?» የሚል ሰው ይኖራል። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ የሚሰምጥ ሰው አረፋ ይጨብጣልና። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ሙከራ አለ። በአንደኛው ሕሙሙ ጥቅሙም ጉዳቱም ገና እንዳልታወቀ በግልጽ ይነገረዋል፤ ሕክምናውን የሚቈጣጠር ሌላ ወገን አለ፤ ከእርሱ የሚገኘውም ዕውቀት ከኋላው ለሚመጡት ይተርፋል። በሁለተኛው ያልታወቀው እንደ ታወቀ ተደርጎ ይነገረዋል፤ ዋጋው ይቀበሉታል፤ ቢጎዳም ቢሞትም የሚመዘግበው የለም። የፊተኛው ሰው ለወገኑ ይሰጣል፤ የኋለኛው ሰው ይዘረፋል። የቤተሰቡ ጉዳትም በዚያ አያበቃም፤ በሬው ከተሸጠ በኋላ የሚቀሩት ልጆች የሚያርሱበት የላቸውም።

እስካሁን ያነሣነው ስለ ሩቅ አገር ቢመስልም ብሌን በሞደናም በቦረናም ያው ብሌን ነው። የአማራ ክልል ትራኮማ በዓለም ላይ እጅግ ከጸናባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። በዚህ የዓይን ማዝ ተደጋግሞ የተያዘ ሰው የዓይኑ ቆብ ወደ ውስጥ ይታጠፋል፤ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን ይፍቀዋል። ከሁሉ ይልቅ የሚጎዱት እናቶች ፀጉሩን በወረንጦ እያስነቀሉ ይኖራሉ፤ በመጨረሻም ብሌኑ ጠባሳ ይይዝና ብርሃን ይጠፋል። ይህን ለመከላከል የሚያስፈልገው ውኃ፣ የፊት ንጽሕና፣ መጸዳጃ ቤት፣ ዚትሮማክስ የተባለው መድኃኒትና የታጠፈውን ቆብ የሚያቀና አነስተኛ ቀዶ ሕክምና ነው።

አንዳንዶች ከዚህ ተነሥተው «እንዲህ ያለ ችግር እያለ የስቴም ሴል ነገር ለእኛ ምናችን ነው?» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው፤ ውኃ ያላገኘ ቀበሌ መጀመሪያ ውኃ ይገባዋል። ይሁን እንጂ ዚትሮማክስም በጊዜው አዲስ ግኝት፣ በሀብታም አገሮችም በዋጋ የተሸጠ የንግድ ዕቃ ነበር። ፋይዘር የተባለው ኩባንያ ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ለትራኮማ ማጥፊያ በነጻ በመስጠቱ በየመንደራችን ይታደላል። ይህ እንዲሆን ያደረገው ገበያ ብቻውን አይደለም፤ ያለ ምርምርና ያለ ንግድ ደግሞ የሚሰጥ መድኃኒት አይኖርም ነበር። በመካከል የሰዎች ውሳኔ አለ። በ2023 መጨረሻ ሲክል ሴል ለተባለው የደም በሽታ ከሕሙሙ ስቴም ሴል የሚዘጋጅ ካስጌቪ የተባለ ሕክምና ተፈቅዶ በአሜሪካ የወጣለት ዋጋ 2.2 ሚሊዮን ዶላር ነው። በሽታው እጅግ የበዛው በአፍሪካ ነው። ለዚህ እንደ ዚትሮማክሱ ያለ ውሳኔ ገና አላየንም፤ እንዲደረግ መጠየቅም ምጽዋት መለመን አይደለም፣ ፍትሕን መሻት ነው።

ስጦታን በተመለከተ አገራችን የራሷ ምሳሌ አላት። የኢትዮጵያ የዓይን ባንክ በ2003 በአዲስ አበባ ከተቋቋመ ወዲህ ሰዎች ከሞቱ በኋላ ብሌናቸው እንዲወሰድ በሕይወት ሳሉ ቃል ይገባሉ። ለጋሹ ዋጋ አይቀበልም፤ የሚያይበትንም ሰው አያውቀውም። ሐኪሙ ደመወዝ ይቀበላል፤ ብሌኑ ግን አይሸጥም። ለድካም ዋጋ መክፈልና የሰውን አካል መሸጥ የተለያዩ መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳን የለም።

እንግዲህ በየቁምስናው ሕሙማንን የምትጠይቁ ካህናት፣ ደናግልና የዕድር ሽማግሌዎች ሆይ፣ ተስፋ የሚሸጥ ወረቀት ወይም ማስታወቂያ ይዞ የሚመጣውን ቤተሰብ አትንቀፉት። ይልቁንም ከእርሱ ጋር ሆናችሁ ጠይቁለት፤ ሕክምናው ለዚህ በሽታ በየትኛው አገር የመድኃኒት ባለሥልጣን ተፈቅዷል? በእኛስ አገር የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ያውቀዋልን? ሙከራ ከሆነ ሕሙሙ ስለ ምን ይከፍላል? ሕዋሱስ ከማን ተወሰደ? ወረቀቱን በመካነ ሰላም ሆስፒታል ላለ ሐኪም አሳዩ፤ የዓይን ነገር ከሆነ በደሴ አቅራቢያ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይን ሕክምና አለ። መልሱ «ፈውስ የለውም» የሆነ እንደ ሆነም ሕሙሙን ብቻውን አንተወው፤ ሕመሙን የሚያስታግስ መድኃኒትና አጠገቡ የሚቀመጥ ሰው ያስፈልገዋል። በሬው ወደ ገበያ ከመነዳቱ በፊት ለዚህ ጥያቄ አንድ ቀን ይሰጠው።